ሳንታመም የሚጠይቁን አባት፦ የድሬሰር አካለ ወልድ ፈረደ የሕይወት ታሪክ (1895 – 1965 ዓ.ም.)

አባታችን አቶ አካለ ወልድ ፈረደ ጥቅምት 5 ቀን 1895 ዓ.ም. በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከቢቸና ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው አቶ ፈረደ ታዘበውና ወይዘሮ አምሳለች ይርሳው ይባላሉ። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ የተወለዱት አምስት ልጆች በሕፃንነታቸው ስለተቀጩ ለወላጆቻቸው የቀሩት አንድ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አያታችን እመት አምሳለች «ስድስት ወልጄ አንድ አሳደግሁ፤ እሱንም እግዜር ረስቶልኝ ነው» ይሉ ነበር።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ደብር ካህን ዘንድ ነው። ዳዊት ደግመው ሲጨርሱ አባታቸው ፍየል አርደው መረቋቸው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቅኔ ሊማሩ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዱ። በዚያ አራት ዓመት ቆይተው የቅኔው መንገድ ገና እየተገለጠላቸው ሳለ ከቤት መልእክት መጣባቸው። የአያታችን የአቶ ፈረደ ዓይን ጠፍቷል። የዓይን ማዝ ለዓመታት ሲያሠቃያቸው ኖሮ፣ የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ስለፋቀው በአርባ ስምንት ዓመታቸው በበትር የሚመሩ ሆኑ። የመንደሩ ሰው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ። አባታችን ትምህርታቸውን ጥለው ሞፈር ጨበጡ። አያታችንም ስድስት ዓመት ከመደብ ሳይወርዱ ኖረው አረፉ።

በ1920 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋነሽ ሣህለ ማርያም ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ። እናታችን ሳቃቸው ከጎረቤት የሚሰማ፣ ነገር የማይጠፋቸው ሴት ነበሩ። አባታችን ደግሞ ዝምተኛ ነበሩ። ቤታችንን የምታውቁ ሁሉ እናታችን ሲናገሩ አባታችን እንዴት አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚህ ትዳር እኔን ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁን ልጃቸውን ንግስትን በ1922፣ ወንድሜን ስማቸውን በ1926 ዓ.ም. ወለዱ።

ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ አባታችን ከቢቸና አርበኞች ጋር በረሃ ወረዱ። ተኳሽ አልነበሩም። በፈላ ውሃ ቁስል ያጥቡ፣ ንጹሕ ጨርቅ እየቀደዱ ያስሩ ነበር። ነፃነት ሲመለስ ይህን ያዩ አለቆቻቸው መስክረውላቸው በ1936 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተልከው የድሬሰርነት ትምህርት ተማሩ። አብረዋቸው ከተማሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እርሳቸው ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. በቢቸና ክሊኒክ ሥራ ጀምረው ስምንት ዓመት በቅንነት አገለገሉ።

በ1945 ዓ.ም. ወደ ሞጣ እንዲዛወሩ ትእዛዝ መጣላቸው። በዚያን ጊዜ አያታችን እመት አምሳለች ወድቀው ዳሌያቸውን ከተመቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከአልጋ ወርደው አያውቁም። ከቢቸና ሞጣ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «አሮጊቷ መንገዱን አይችሉትም፤ ሬሳ ይዘህ ትደርሳለህ» አላቸው። አባታችንም አመኑ። እናታችን ስንቅ እያሰሩላቸው እንዲህ አሏቸው፦ «አንቱ ይሂዱ። እኔ እናትዎን ለማን ጥዬ እመጣለሁ? ለመስቀል ይመጣሉ፣ ለፋሲካ ይመጣሉ። ቢቸናና ሞጣን ባሕር አይለያቸው።»

እንዲህ ሆኖ ለጊዜው የተባለው መለያየት አምስት ዓመት ሆነ። አባታችን በሞጣ የሰው እናትና አባት ሲያክሙ እናታችን በቢቸና የእርሳቸውን እናት ያገላብጡ ነበር። ደብዳቤው በሲራራ ነጋዴ እጅ ይመላለሳል። እናታችን ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የአባታችን ደብዳቤ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል፦ «ጤናሽን በዝርዝር ጻፊልኝ።» እናታችን ይህን አንብቤ ስጨርስ «ስለ ጤናዬ ከሚጠይቁ መጥተው ቢያዩኝ» ብለው ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው፣ ባያነቡትም፣ መስመሩን በጣታቸው ይከተሉ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ለጥምቀት እናታችን አያታችንን ለእኔ አደራ ሰጥተው ወደ ሞጣ ሄዱ። ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በዚያን ጊዜ በክሊኒኩ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። አባታችን አንድ ቀን ከሥራ በኋላ እናታችንን አስቀምጠው ክንዳቸውን አስረው ለኩ። እንደገና ለኩ። ሦስተኛም ለኩ።

«ሸዋነሽ፣ ደም ብዛት አለብሽ» አሏቸው።

«ደም ቢበዛ ምን ይከፋል? የሚያሳዝነው ያነሰበት ነው እንጂ» አሉ እናታችን።

አባታችን አልሳቁም። ጨው እንዲቀንሱ፣ እንስራ ተሸክመው ዳገት እንዳይወጡ፣ ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሞጣ እንዲቆዩም ጠየቁ። እናታችን ግን «እናትዎ ውሃ የሚያቀብላቸው ይፈልጋሉ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ እለካለሁ» ብለው በዐሥረኛው ቀን በቅሏቸውን ጫኑ። ከፋሲካ በኋላ አያታችን ባሰባቸው። አልተመለሱም።

አሁን የምናገረውን እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። አባቴ ግን ያውቁት ነበርና ተሸሽጎ እንዲቀበር አልፈልግም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት እናቴን ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ሁለት ጊዜ ነስር ፈሰሳት። ብዕርና ወረቀት ይዤ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝና እንዲህ አለች፦ «ራሷን አመማት ብለሽ እንዳትጽፊ። አባትሽ ይህን ከሰሙ በክረምት ወንዝ ይገባሉ። ውሃ ከሚወስዳቸው እኔን ራሴን ቢያመኝ ይሻላል።» እኔም «እናቴ ደኅና ናት፤ አንድም ነገር የላትም» ብዬ ጻፍሁ። ሁለት ደብዳቤ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ።

ነሐሴ 9 ቀን 1950 ዓ.ም. ጧት እናታችን ለአያታችን አጥሚት ይዘው ሲገቡ ደፉ ላይ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ፣ ምላሳቸውም አልፈታ አለ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። መልእክተኛው ወንዝ ሞልቶበት ዘገየ። አባታችንም ሲመጡ ያው ወንዝ ያዛቸው። ቢቸና የደረሱት እናታችን በተቀበሩ በስድስተኛው ቀን ነው። ከበቅሎ ወርደው ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገብተው ቆሙ። ምን ይፈልጉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አያታችን ከአልጋቸው ሆነው «ልጄ፣ የቆመችው ወድቃ የተኛሁት ቀረሁ» ብለው ጮኹ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ስለ ደብዳቤዎቹ ተናገርሁ። አንሥተው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ አንቺ የእናትሽን ቃል ጻፍሽ። ለመለካት የተማርሁት እኔ ነኝ። ለክቼ ደግሞ የለቀቅኋት እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም።

ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንድ ልማድ ነበራቸው። ስንገናኝ የእናቴን ደብዳቤዎች አውጥተው እንዳነብላቸው ይጠይቁኛል። ጽሕፈቱ የእኔ ቢሆንም ንግግሩ የእርሷ ነበርና እርሷ እንደተናገረችው አድርጌ፣ ድምፅዋን እያስመሰልሁ፣ ሳቋ ያለበት ቦታ ላይ እየሳቅሁ አነባለሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ደኅና ናት» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔም እዚያ አቆማለሁ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያንን መስመር አንብቤው አላውቅም።

በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ አባታችን እናታቸውን ወደ ሞጣ እንደሚወስዱ ተናገሩ። ዘመድ ያንኑ ያለፈውን ነገር ደገመ። አባታችን ግን አልሰሟቸውም። ስድስት የመንደር ጎልማሶች አያታችንን በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ በሦስት ቀን ሞጣ አደረሷቸው። አያታችን በመንገድ ላይ እንቁላልና እርጎ በልተው፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ደረሱ። አባታችን ይህን ሲያዩ ከቤቱ ጀርባ ሄደው ብቻቸውን አለቀሱ። ቆይተው ለወንድሜ ለስማቸው የነገሩትን ልንገራችሁ፦ «ሦስት ቀን ነው የፈጀው። በአርባ አምስት ዓ.ም. ባደርገው ኖሮ ሸዋነሽ አጠገቤ ትሆን ነበር።»

በሞጣው ቤት ከአያታችን አልጋ እስከ በሩ ድረስ ጠፍር ወጥረው በሁለት ካስማ አሰሩ። በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጥ ብቻ አስለመዷቸው። በሁለተኛው ጠፍሩን ይዞ መቆም። ጎመን፣ ወተት፣ የምስር ወጥ በትንሽ በትንሹ በቀን አራት ጊዜ እንዲበሉ አደረጉ። የሚያዳልጠውን ደፍ ጠረቡት፤ የጓዳው ጨለማ እንዲገፈፍ ግድግዳውን በስተምሥራቅ በኩል በስተው መስኮት አወጡ። አያታችን ይራገማሉ፣ አባታችን «እምዬ፣ አንድ እርምጃ ብቻ» ይላሉ። ለፋሲካ እመት አምሳለች ጠፍሩን ለቀው በበትር እስከ አጥሩ በር ደረሱ። ለስምንት ዓመት ያልቆመች አሮጊት ደጅ ላይ ቆማ መንገደኛ ስትመርቅ የሞጣ ሰው ተሰብስቦ አየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሲሳለሙ ኖረው በ1954 ዓ.ም. አረፉ።

አባታችን በዚህ ጊዜ ለክሊኒኩ ኃላፊ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ዕድሜው ከአምሳ በላይ የሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ሳይታመም እንዲለካ፣ ዓይኑ፣ ጥርሱ፣ እግሩ እንዲታይ ጠየቁ። ኃላፊው ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩና ተቈጡ። «ለበሽተኛው ያልበቃ ዕቃ በጤነኛ ላይ ይዞራል እንዴ?» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ ጤነኛ ናት ተብሎ የተጻፈልኝን ሴት መቃብር ነው ያየሁት» አሉ አባታችን።

ኃላፊው መለኪያው ከግቢው እንዳይወጣ፣ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢው ውስጥ ሊለኩበት እንደሚችሉ ፈቀዱ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም መንገድ የተሳሳተ ነበር። ሰው አልመጣ ሲል አባታችን ራሳቸው ወደ ሰው መሄድ ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ በቅሏቸውን ሸጠው የራሳቸውን መለኪያ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ወደ ቢቸና ይመለሳሉ ብለን ስንጠብቅ «እዚያ ቤት ለጊዜው አልችልም» ብለው ሞጣ ቀሩ። ጊዜው ዐሥር ዓመት ሆነ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ጌሾ የሚሸጡት ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው መበለት፣ አባታችን መጀመሪያ ቀን በራቸውን ሲያንኳኩ ደንግጠው ወጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«እኔ መቼ ታመምሁ?»

«አልታመምሽም። ሳትታመሚ ነው የምጠይቅሽ።»

«ሳልታመም የሚጠይቀኝ ሟርተኛ ነው!» ብለው በሩን ዘጉት። አባታችን በማግስቱ ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ፈንታነሽ በሩን ከፍተው «እንግዲህ ሟርትህን ይዘህ ግባ» አሏቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዳቸውን ዘረጉ።

ጨው ነጋዴው ሐጂ ሙሔ ደግሞ ደም ብዛት ተገኘባቸው። አባታችን ጨው እንዲቀንሱ ሲነግሯቸው ሐጂ ሙሔ በሱቃቸው መካከል ቆመው «ሰዎች፣ ስሙልኝ! ጨው ሻጩን ጨው ተው ይለኛል!» ብለው ገበያውን አሳቁት። ቤታቸው ሲገቡ ግን ቀነሱ። መድኃኒቱንም በየቀኑ ሳያዛንፉ ዋጡ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ።

ከሁሉ ያስቸገሯቸው የቅኔው መምህር የኔታ ገብረ ሕይወት ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. በኅዳር ወር የኔታ ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ስብራት አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ፍርሃት ገባቸውና ተኙ። ሁለት ወር ተኙ። እግራቸው ቀጥኖ እንደ ሸምበቆ ሆነ። ተማሪዎቻቸው መምህር ፍለጋ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ሄዱ፤ አርባ የነበሩት ዐሥራ አንድ ቀሩ። ጉባኤው ሊፈርስ ነው ተብሎ ከተማው አዘነ። አባታችን መጥተው ትራሳቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«አካለ ወልድ፣ ለምን ትደክማለህ? እኔ እንደሆንሁ ልሄድ ነው» አሉ የኔታ።

አባታችን በትሩን ከግድግዳው አንሥተው አቀበሏቸው። «ይሂዱ እንጂ የኔታ። እኔም እስከ በሩ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

የኔታ መጀመሪያ ተቈጡ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለና ሳቁ። «እኔ ወርቁን ብነግርህ አንተ ሰሙን ያዝህ!»

«ወርቁን ለእግዚአብሔር እንተውለት። የእኔ ሥራ ሰሙ ነው» አሉ አባታችን።

ያን ቀን የሄዱት እስከ አልጋው እግርጌ ነው። በማግስቱ እስከ ምሰሶው። በዐቢይ ጾም መግቢያ የኔታ በሁለት ተማሪ ተደግፈው ጉባኤያቸው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የሄዱት ተማሪዎች ወሬውን ሰምተው መመለስ ጀመሩ። የኔታ ገብረ ሕይወት ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እዚህ መካከላችን ቆመዋል።

እንዲህ እያለ በሞጣ የአረጋውያን የጧት ጉዞ ተጀመረ። ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥተው በገበያው ጥግ አልፈው እስከ መስጊዱ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሐጂ ሙሔና ጓደኞቻቸው ይቀላቀሉና አብረው ይመለሳሉ። መካከል ላይ ዋርካው ሥር አባታችን ያሠሩት አግዳሚ ነበር፤ የደከመ ያርፍበታል። ያልመጣ ሰው ካለ ጉዞው ሳያልቅ ቤቱ ይኬዳል። ወጣቶች «የእግረኛ ጦር መጣ» እያሉ ቢቀልዱም መንገድ ይለቁላቸው ነበር። አባታችን ብቻውን የሚበላ አረጋዊ ግማሹን ትቶ ይነሣል ይሉ ስለነበር ምሳቸውን ቤታቸው በልተው አያውቁም፤ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ጋር ይበሉ ነበር። ይህን የሚያደርጉት ለእነርሱ ብቻ ብለው እንዳልነበረ እናውቃለን። የራሳቸው ቤት ሲገቡ ማንም አይጠብቃቸውም ነበርና።

በአንድ ሰንበቴ ላይ አንድ ካህን «አካለ ወልድ፣ ሰው በቀኑ ይሞታል። አንተ ቀን ልትጨምርለት ነው?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። አባታችን «ቀን አልጨምርም አባ። ያለውን ቀን ተኝቶ እንዳይፈጀው ነው» አሉ። ሁሉንም ማዳን አልቻሉም። መድኃኒቱን የጣሉ፣ በሩን ያልከፈቱ፣ ከፍተውም የዘገየባቸው ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ቀብር ላይ አባታችን ከሁሉ በኋላ ቆመው ሲቀሩ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው እንዲያገቡ መክሯቸዋል። እኔም መክሬአለሁ። «ቤቱ ሰው አለበት» ይሉ ነበር። የሚለኳቸውን ሰዎች የሚጽፉበት ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናታችን ስም አለ፤ ከሥሩ አንድ ቀን፣ አንድ ልክ ብቻ ተጽፏል። የሌሎቹ ስም ሥር ገጹ ሞልቷል። ያ ገጽ ባዶውን እንዲቀር ነበር የፈለጉት። በየዓመቱ ለጥምቀት ታቦቱ ሲያልፍ እናታችን በዚያች አንዲት ጥምቀት ቆመው ያዩበት ዕርከን ላይ ቆመው ያሳልፉ ነበር። አጠገባቸው የአንድ ሰው ቦታ ይለቃሉ። ሰው ቢቆምበት ግን አይከለክሉም።

ዘንድሮ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አባታችን አንድ ታማሚ ጠይቀው ሲመለሱ ዝናብ መታቸው። ሳል ያዛቸው፤ ትኩሳት ተከተለ፤ የሳንባ ምች ሆነ። ክሊኒኩ መርፌውን ሳይሰስት ወጋቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ደጃቸውን አልለቀቀም። እኔ ከቢቸና ደረስሁ። አልጋቸውን ወደ በሩ አቅርበን ጧት ጧት ፀሐይ ላይ እናስተኛቸው ነበር። የጧቱ ጉዞ በደጃቸው ያልፋል። አረጋውያኑ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ አባቴ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእግራቸው ኮቴ ያውቋቸዋል። «ይህ የኔታ ነው፤ በትሩ ይቀድመዋል። ይህ ሐጂ ነው፤ ይቸኩላል» ይላሉ።

ግንቦት 3 ቀን ጧት ግን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ጠሩኝ።

«የፈንታነሽ ቀኝ እግር ይጎተታል። ትናንትም ተጎትቷል። ሂጂና ጫማዋን አስወልቂያት።»

ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እያየሁ እንዴት ልሂድ? «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ስለ ራስዎ ያስቡ» አልኋቸው።

«እኔን ተዪኝ» አሉ። «እኔማ ታምሜአለሁ። እሷ ገና አልታመመችም።»

ሄድሁ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ምንም የለብኝም ብለው እምቢ አሉ፤ የላኩኝ አባቴ መሆናቸውን ስነግራቸው ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ውስጥ እሾህ ገብቶ፣ ቁስሉ መግል ይዞ መሽተት ጀምሮ ነበር። አባቴን ላለማስጨነቅ ደብቀውት ኖሯል። ክሊኒክ ወስደን አሳጠብነው። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ቢዘገይ እግሩ አይተርፍም ነበር አለ። ተመልሼ ለአባቴ ነገርኋቸው። «እሰይ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም።

አባታችን አቶ አካለ ወልድ ፈረደ ግንቦት 4 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት በሞጣ ከተማ በቤታቸው በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። የሞጣ አረጋውያን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አስከሬናቸውን በእግራቸው እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኝተዋል። መሄድ የቻሉት በጭነት መኪና አብረውን እዚህ ቢቸና ድረስ መጥተዋል። ወይዘሮ ፈንታነሽ እግራቸው እንደታሰረ መጥተዋል። በኑዛዜያቸው መሠረትም ዛሬ በባለቤታቸው በወይዘሮ ሸዋነሽ ሣህለ ማርያም መቃብር አጠገብ ያርፋሉ።

አባታችን ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን አፍርተዋል። በሥጋ ያልወለዷቸው፣ ነገር ግን ዛሬ እንደ አባት የሚያለቅሱላቸው ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሞጣ ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ሩቅ መንገድ መጥታችሁ ለቀብሩ ለቆማችሁልን ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል፤ እግዚአብሔር በደስታ ይመልስልን።

የደከመውን ሁሉ እጁን ይዘው ሲያስነሡ የኖሩትን የአባታችንን ነፍስ አምላክ በቸርነቱ ተቀብሎ ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን። ስሟን ሳይጠሩ ውለው ከማያውቋት ከእናታችን ጋርም ያገናኛቸው። አሜን።